የኋላ ሞዞ በግራሶ ከተሞላ በኋላ ያጉረመርማል፤ ፔዳሉም በባዶ ይዞራል

ጥያቄ (መንገደኛ)

ጤና ይስጥልኝ። ብስክሌቴ ካሴቱ (የኋላ ጥርሶቹ ስብስብ) የሚሰካበት ፍሪሀብ (ሲረገጥ ጎማውን ይዞ የሚያዞር፣ መርገጥ ሲቆም በነፃ የሚለቅ ክፍል) ያለው ሲሆን፣ የኋላ ሞዞው (የጎማው እምብርት) ኩሽኔታ ደግሞ ልቅ ኳሶችና ኮን (ኳሶቹ የሚሽከረከሩበት ሾጣጣ ብረት) ያሉት የቀድሞው ዓይነት ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥቼ በእጄ ሳዞረው አሸዋ የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ከውስጥ ስለሰማሁ፣ ሞዞውን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ፈታሁት። ግራሶው ጠቁሮና ከውኃ ጋር ተደባልቆ ጭቃ መስሎ አገኘሁት። ኳሶቹን በናፍታ አጥቤና አድርቄ አዲስ ግራሶ ከሞላሁ በኋላ መልሼ ገጠምኩ፤ ግራሶ ቢበዛ አይጎዳም ብዬ ስላሰብኩም ፍሪሀቡን በአገኘሁት ክፍተት ሁሉ በዚያው ግራሶ ጠቀጠቅሁት።

አሁን ሁለት ችግር ገጥሞኛል። የመጀመሪያው፣ ጎማው በእጄ ላይ ሳለ ያለ ምንም እንከን ይዞራል፤ በብስክሌቱ ላይ ገጥሜ የፐርኖውን (ጎማው የሚዞርበትን የመሃል ብረት) ማጥበቂያ እጀታ ስዘጋው ግን ይከብዳል፤ ማጉረምረሙም ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሁለተኛው የባሰ ነው። ጠዋት ጠዋት አየሩ ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ግማሽ ዙር ያህል በባዶ ይሄድና ድንገት በኃይል ይይዛል። ትናንት ዳገት ላይ ቆሜ ስረግጥ እንዲሁ ከድቶኝ ደረቴ ከመሪው ጋር ሊጋጭ ለጥቂት ተረፍኩ። በተጨማሪም ከኮኖቹ በአንዱ ላይ ኳሶቹ በሚሄዱበት መስመር፣ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች አይቻለሁ። የተሳሳትኩት በግራሶው ዓይነት ነው ወይስ በአገጣጠሙ? ኮኑስ የግድ መቀየር አለበት?

መልስ (ካቴና)

በቅድሚያ፣ ፍሪሀቡ እስኪጸዳ ድረስ ቆመው አይርገጡ፤ ከተቻለም ብስክሌቱን ጨርሶ አይንዱት። የፔዳሉ መክዳት ምክንያት ፍሪሀቡ ውስጥ የጠቀጠቁት ግራሶ መሆኑን አልጠራጠርም።

ፍሪሀብ ውስጥ በቀጭን ሞላ ወደ ውጭ የሚገፉ ጥቃቅን ምላሶች አሉ። በሚረግጡበት ጊዜ እነዚህ ምላሶች ብቅ ብለው የመጋዝ ጥርስ በሚመስለው ቀለበት ላይ ይነክሳሉ፤ መርገጥዎን ሲያቆሙ ደግሞ እየተጎነበሱ በጥርሶቹ ላይ ይንሸራተታሉ፤ ያ የምናውቀው ትክ ትክ የሚል ድምፅም ከዚያ የሚመጣ ነው። ሞላው እጅግ ደካማ ስለሆነ የኩሽኔታ ወፍራም ግራሶ ከከበበው፣ በተለይም ግራሶው በብርድ ሲጠጥር፣ ምላሱን በወቅቱ ሊያስነሣው አይችልም። ይህ ብቻ ቢሆን ፔዳሉ በባዶ መዞሩ ነበር ችግሩ፤ ነገር ግን ምላሱ በግማሽ ተነሥቶ የጥርሱን ጫፍ ብቻ የያዘበት ጊዜ ይኖራል፤ ያን ጊዜ የሰው ሙሉ ክብደት ሲያርፍበት ጫፉን ይሸርፈዋል። የተሸረፈ ምላስ ደግሞ ከዚያ በኋላ በምንም ዓይነት ቅባት አይድንም። ስለዚህ ለኩሽኔታው ወፍራም ግራሶ፣ ለምላሶቹ ቀጭን ዘይት ይሁን፤ ሁለቱ በአንድ ሞዞ ውስጥ ጎረቤት ቢሆኑም ቅባታቸው አንድ አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ካሴቱን በካቴና መያዣ ዘንግና በካሴቱ ማሰሪያ ቀለበት መፍቻ ያወጣሉ፤ ከዚያም ፐርኖውንና ኳሶቹን ያወጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ፍሪሀቡን ከሞዞው ጋር ያሰረው፣ መሃሉ ክፍት የሆነና በ10 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ የሚፈታ ብሎን ነው። ብሎኑ ፐርኖው በሚያልፍበት ቀዳዳ ውስጥ ስለሚገኝ ፐርኖው ሳይወጣ ሊደረስበት አይችልም። ብዙዎቹ ፍሪሀቦች በቤት ውስጥ እንዲበታተኑ ተብለው የተሠሩ አይደሉም፤ ስለዚህ ሳይበትኑት ነጭ ጋዝ ውስጥ ነክረው በእጅ ወደ ኋላ እያዞሩ፣ ጋዙንም እየለወጡ፣ የሚወጣው ንጹሕ እስኪሆን ድረስ ያጥቡት። ከዚያ አንድ ሌሊት ሙሉ በጨርቅ ላይ ዘቅዝቀው ያድርቁት። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም፤ ውስጡ የቀረ ጋዝ በኋላ የሚጨምሩትን ዘይት ያቀጥነዋል፣ ወደ ኩሽኔታውም ሾልኮ ግራሶውን ያሟሟዋል። ሲደርቅ ከኋላው በኩል ጥቂት ጠብታ ዘይት ጨምረው ያዙሩት። የምላሶቹ ድምፅ ጥርት ብሎና ሳይዘገይ ከተሰማ ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው። ካሴቱን ሲመልሱ ማሰሪያ ቀለበቱን 40 ኒውተን ሜትር ያህል ያጥብቁት፤ ይህ በብዙ ቀለበቶች ላይ የተቀረጸው ልክ ነው።

መልስ (ሮንዴላ)

ከላይ ስለ ፍሪሀቡ የተባለውን ሁሉ እጋራለሁ፤ እኔ ስለ ማጉረምረሙና ስለ መክበዱ ልናገር።

ጉድጓድ ያለበት ኮን መቀየር አለበት። የኮኑ ገጽ በሙቀት የጠነከረ ቀጭን ንብርብር ነው፤ ንብርብሩ አንድ ጊዜ ከተላጠ ኳሶቹ በጉድጓዱ ጠርዝ ላይ በተመላለሱ ቁጥር ጉዳቱ ይሰፋል፤ የሚላጠው ብረትም ከግራሶው ጋር ተቀላቅሎ ደህናውን ክፍል ይፈጫል። ዓይንዎን ብቻ አይመኑ። የእስክሪብቶ ጫፍ ይዘው በኮኑ መስመር ላይ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ጫፉ ከተንገጫገጨ ወይም ከተሰናከለ ኮኑ አብቅቷል። በዚያው እስክሪብቶ ሞዞው ውስጥ ያለውን የኳሶቹን መቀመጫም ይመርምሩ፤ ምክንያቱም ኮን በቀላሉ ይቀየራል፤ መቀመጫው ግን በሞዞው ውስጥ ተጠቅጥቆ የገባ ስለሆነ ከተበላ ብዙውን ጊዜ ሞዞው ራሱ ነው የሚለወጠው።

ኳሶቹንም አይጠቡ፤ ይቀይሯቸው። በኋላ ሞዞ ላይ ዘወትር የሚገኙት በእያንዳንዱ ጎን 9፣ ስፋታቸውም 6.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያወጧቸውን ቆጥረውና ለክተው ያረጋግጡ። አዲስና አሮጌ አይቀላቅሉ፤ ያረጁት በጥቂቱም ቢሆን ስለሚያንሱ ሸክሙ ሁሉ በአዲሶቹ ላይ ይወድቃል። 9ኙን ሲደረድሩ ትንሽ ክፍተት ይቀራል፤ ያ ክፍተት የተተወው ኳሶቹ እርስ በርስ እንዳይፋጩ ስለሆነ 10ኛ ኳስ ለማስገባት አይሞክሩ።

በብስክሌቱ ላይ ሲገጠም የሚከብደው ደግሞ የማስተካከያ ጉዳይ ነው። በመሃሉ ዘንግ የሚያልፍበት ፐርኖ ባዶ ቱቦ ስለሆነ፣ ማጥበቂያው እጀታ ሲዘጋ በጥቂቱ ይጨመቃል፤ ሁለቱ ኮኖችም ወደ ኳሶቹ ይጠጋሉ። ስለዚህ በእጅ ላይ ሳለ ፍጹም ልክ የመሰለ ሞዞ ሲታሰር ከልክ በላይ ይጠብቃል። እርስዎን የገጠመዎት ይኸው ነው፤ በዚህ ሁኔታ መንዳትም ያን ኮን ይበልጥ ይጎዳዋል። ትክክለኛው አሠራር ጎማው ከብስክሌቱ ውጭ ሳለ በጣት ጫፍ ብቻ የምትታወቅ መላላት ትቶ፣ እጀታው ሲዘጋ ያቺ መላላት እንድትጠፋ ማድረግ ነው።

የካሴቱን ወገን ኮንና ዳዶ እርስ በርስ አጥብቀው ካሰሩ በኋላ አይንኩት፤ ማስተካከሉን ሁሉ በግራው በኩል ይሥሩ። ኮኑን የሚይዘው ቀጭን ቁልፍ በአብዛኛው 15፣ የዳዶው ደግሞ 17 ሚሊ ሜትር ነው። ኮኑን በቁልፍ ይዘው ዳዶውን ሲያጠብቁ ኮኑ ትንሽ አብሮ መሄዱ ስለማይቀር፣ በመጀመሪያው ሙከራ ልክ ይመጣል ብለው አይጠብቁ። እኔ ዛሬም ሦስት አራት ጊዜ እመላለስበታለሁ፤ አንድ ጊዜ ሰልችቶኝ «በቂ ነው» ብዬ የተውኩት ሞዞ በአንድ ክረምት ሁለቱንም ኮን ጨርሶብኛል። በየሙከራው ጎማውን ብስክሌቱ ላይ አስረው የቸርኬውን ጠርዝ ወደ ግራና ቀኝ ይግፉ። ከተወዛወዘ ላልቷል። ካልተወዛወዘ ደግሞ እጀታውን በትንሹ ላላ አድርገው እንደገና ይግፉ፤ አሁንም መላላቱ ፈጽሞ ካልታየ ከልክ በላይ ጠብቋል ማለት ነው።

መልስ (ዝናቡ መጣ)

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ያ ጭቃ የመሰለ ግራሶ ከየት መጣ? ብስክሌትዎን በኃይለኛ የውኃ ግፊት ያጥቡ ከነበረ፣ ወይም ሞዞው ሲጮህ ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ይነፉበት ከነበረ መልሱ እዚያ ነው። የአቧራ መከላከያው ጎማ ከመንገድ የሚረጨውን ውኃ እንጂ በግፊት የሚመጣውን አይመክትም፤ ስፕሬዩም ለጊዜው ድምፁን ያጠፋል እንጂ ግራሶውን አሟሙቶ ያወጣዋል። ሞዞዎ ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ ፍሬን የሚይዝ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ምክሩ ሁሉ ይለወጥ ነበር፤ እዚያ ውስጥ ፍሬኑ ራሱ ስለሚግል፣ ለዚያ ሙቀት የተዘጋጀ ግራሶ ያስፈልጋል።

ከጠያቂው (መንገደኛ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በኃይለኛ ግፊት ማጠቤ እውነት ነው፤ ስፕሬዩንም ነፍቼበታለሁ።

ፍሪሀቡን ሦስት ጊዜ ነጭ ጋዝ ለውጬ አጠብሁት፤ በመጀመሪያው ጊዜ የወጣው እንደ ቀለም የጠቆረ ነበር። ዘይት ጠብ ካደረግሁበት በኋላ ትክ ትክ የሚለው ድምፅ ተመልሷል፤ ዛሬ ጠዋት በብርዱም አልከዳኝም። በእስክሪብቶው ምርመራ የግራው ኮን ሦስት ቦታ ላይ አሰናከለው፤ የሞዞው መቀመጫዎች ግን ሁለቱም ደህና ናቸው። ሁለቱንም ኮንና 18ቱንም ኳስ ቀየርሁ። ማስተካከሉ አምስት ሙከራ ፈጅቶብኛል፤ አሁን እጀታው ሲዘጋ መላላቱ ይጠፋል፤ ጎማውን አዙሬ ስለቀውም የጎማው መንፊያ ያለበት ከባዱ ወገን ወደ ታች ይወርድና እንደ ፔንዱለም ወዲያና ወዲህ እያለ ቀስ ብሎ ይቆማል። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፤ የቀኙን ኮን ስቀይር ፐርኖው በግራ በኩል ትንሽ ረዝሞ ወጥቷል። ችግር አለው?

መልስ (ሮንዴላ)

አለው፤ ለማረም ግን ቀላል ነው። የፐርኖው ጫፍ ከብስክሌቱ የጎማ ማሰሪያ ብረት ውፍረት አልፎ ከወጣ፣ ማጥበቂያው ብረቱን ሳይሆን ፐርኖውን ይጫነዋል፤ ጎማውም የታሰረ መስሎ ሳይታሰር ይቀራል። ከመንዳትዎ በፊት ይፍቱትና የቀኙን ኮንና ዳዶ በፐርኖው ላይ አንድ ላይ አዛውረው፣ በሁለቱም ወገን የሚወጣው ጫፍ እኩል እስኪሆን ድረስ በማስመሪያ ይለኩት፤ ከዚያ የግራውን እንደ አዲስ ያስተካክሉ።