ዳሽቦርዱ 60 ሲል ጂፒኤስ 55 ይላል፤ ልዩነቱን ልጨምርበት?

ባለ ኮሮላ፦ ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ ዳሽቦርዱ 60 ሲያሳይ የስልኬ ጂፒኤስ 55 ይላል። የቱን ልመን? ወሰኑ 60 በሆነበት መንገድ ዳሽቦርዱን 65 ላይ ይዤ ብነዳስ? ደግሞስ 5 እና 10 ኪሎሜትር ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ጋራዥ በር፦ ቆጣሪህ አልተበላሸም። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 39 መሠረት የፍጥነት መለኪያ አሳንሶ ማሳየት ክልክል ነው፤ አስበልጦ ግን የእውነተኛውን ፍጥነት 10 በመቶ እና በላዩ 4 ኪሎሜትር ድረስ ይፈቀድለታል። በትክክል 55 እየሄድክ እስከ 64 ቢያሳይም ደንቡን አልጣሰም። ጂፒኤሱን የምታምነው ፍጥነትህን ሳትቀያይር 10 ሰከንድ ያህል ስትይዝ ነው፤ ነዳጅ ስትሰጥ ወይም ፍሬን ስትይዝ ዘግይቶ ይከተላል።

ጎማውንም እይ። መጠኑ 195/65 አር15 በሆነው ጎማ ፋንታ 215/65 አር15 ከተገጠመ ዙሪያው 4 በመቶ ገደማ ይሰፋል፤ ዳሽቦርዱ 60 ሲል ያንተ 55 ወደ 57 ይወጣል። ትክክለኛው የጎማ መጠን ብዙውን ጊዜ የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። ያገለገለ መኪና ሲገዛ ይህን የሚያይ ጥቂት ነው።

ረጅም መንገድ፦ ወንድሜ፣ ዋናው የመጨረሻው ጥያቄህ ነው። ሾፌር አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1.5 ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል፤ አስፋልቱ ደረቅ፣ ጎማው ጥርሱ ያላለቀ። በ50 ስትሄድ ፍሬን ሳትይዝ 21 ሜትር፣ ከያዝክ በኋላ 14 ሜትር፣ በድምሩ 35 ሜትር ላይ ትቆማለህ። በ60 ግን 25 ሜትር ሄደህ ነው ፍሬን የምትጀምረው። የ50ው መኪና በቆመበት ቦታ ያንተ ገና በ43 ኪሎሜትር ፍጥነት እየሄደ ነው! እዚያ ቦታ ላይ እግረኛ ካለ የሚመታው በ43 ነው እንጂ በ10 አይደለም። ምክንያቱም የፍሬን ርቀት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ባለ ኮሮላ፦ ዝናብ ከሆነስ?

ረጅም መንገድ፦ በ60 ደረቁ ላይ 45 ሜትር የነበረው ወደ 60 ሜትር ይጠጋል፤ ጎማው ካለቀ ከዚያም ይብሳል። ማታ ደግሞ አጭር መብራት ብዙ ጊዜ ከ50 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ እርጥብ መንገድ ላይ በ60 ከሄድክ መብራትህ ከሚያሳይህ አልፈህ ነው የምትቆመው። በዝናብ ማታ ወደ 45 አውርደው።

ጋራዥ በር፦ የሚተርፈውንም ጊዜ አስላው፦ 10 ኪሎሜትር በ50 12 ደቂቃ፣ በ60 10 ደቂቃ። ከተማ ውስጥ አንድ የትራፊክ መብራት ይበላዋል።