ለቤት መሥሪያ ቁጠባና ብድር ማኅበር ልግባ ወይስ ባንክ? (ደሴ)

መምህርቷ፦
ሰላም ጀማዓ። ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነኝ። ቦታ አለኝ፣ ቤቱን ግን አልጀመርኩም። የሥራ ባልደረቦቼ ቁጠባና ብድር ማኅበር ግቢ ይሉኛል። እንግሊዝ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ «እኔ ቤቴን የገዛሁት በቢልዲንግ ሶሳይቲ ነው፤ ባለቤቶቹ አባላቱ ናቸው፤ የእናንተም ያው ነው» አለኝ። እውነት አንድ ናቸው? ከመግባቴ በፊትስ ምን ልጠይቅ?

የኮምቦልቻው፦
እህት ዓለም፣ ግማሹ ልክ ነው። ሁለቱም የአባላት ናቸው። ብዙ ያስቀመጠም ትንሽ ያስቀመጠም ድምፁ አንድ ነው። ሥራቸው ግን ይለያያል። የእንግሊዞቹን ሕጉ ራሱ ቤት ላይ አስሯቸዋል፦ ከሚያበድሩት ቢያንስ 75 በመቶው በመኖሪያ ቤት ዋስትና መሆን አለበት። ከገንዘባቸውም ቢያንስ ግማሹ ከአባላት ነው። ስለዚህ 25 ዓመት የሚከፈል ብድር ይሰጣሉ። የእኛዎቹ ለሱቅም፣ ለሰርግም፣ ለከብት ማድለቢያም ያበድራሉ፤ መክፈያው አጭር ነው። ብድሩም ብዙ ጊዜ በቁጠባሽ ልክ ነው የሚሰላው። በዛሬ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ መሠረቱን ያወጣልሽ ይሆናል፤ ጣሪያ ድረስ ግን አትጠብቂ።

ሐይቅ ዳር፦
የቤት ማኅበር ከሚባለው ጋር እንዳይምታታብሽ። እሱ ቦታ ለማግኘት የሚደራጁበት ነው፤ አያበድርም።

ስትገቢ ይኼን ጠይቂ፦ ሒሳቡ መጨረሻ የተመረመረው መቼ ነው? ያልተመለሰ ብድር ስንት አለ? አባል ሲወጣ ገንዘቡ በስንት ጊዜ እጁ ይገባል? በተለይ የመጨረሻውን። ባንክና ማይክሮፋይናንስ ያስቀመጥሽው እስከ 100,000 ብር ድረስ በተቀማጭ መድን ፈንድ የተሸፈነ ነው። የቁጠባ ማኅበር ግን እዚያ ውስጥ የለም። የሚቆጣጠረውም ብሔራዊ ባንክ ሳይሆን የኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤቱ ነው።

መምህርቷ፦
አመሰግናለሁ። ወለድ ግን አልፈልግም፤ እሱስ?

ሐይቅ ዳር፦
ከወለድ ነፃ የሚሠሩ ማኅበራት አሉ፤ ባንኮችም መስኮት አላቸው። ግን ስሙ አያታልልሽ። «የአገልግሎት ክፍያ» የሚሉት ከብድሩ መጠንና ከጊዜው ጋር አብሮ የሚጨምር ከሆነ መተዳደሪያ ደንቡን ይዘሽ የምታምኚውን ዓሊም ጠይቂ።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ለቤት የቆመ ባንክ እኛም ነበረን፤ በ1968 ዓ.ም. የተመሠረተው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ። ኋላ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፣ በ2008 ዓ.ም. ንግድ ባንክ ውስጥ ገባ። በክልላችንም የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) አድጎ ፀደይ ባንክ ሆኗል። ማደጉ ጥሩ ነው፤ ግን ትንሿን ተበዳሪ የሚያውቃት ሰፈሯ ያለ ማኅበር ነው ባይ ነኝ።

እንግሊዞቹም ጋ ባንክ እንሁን ያሉ ነበሩ። ኖርዘርን ሮክ እ.ኤ.አ. በ1997 ባንክ ሆነ። ከቆጣቢ ይልቅ ከገበያ በሚበደረው ላይ ተደገፈ። በ2007 ገበያው ሲደርቅ ሰው ገንዘቡን ለማውጣት ደጁ ላይ ተሰለፈ፤ በማግሥቱ ዓመት መንግሥት ወረሰው።

አንቺ ሁለቱንም ያዢ። ዋናው ቁጠባሽ ባንክ ይሁን፤ ለድንገተኛ ጉድለት የሚሆን በማኅበሩ። ለመሆኑ ካርታው በስምሽ ነው? ያለ እሱ ባንክ ለቤት አብዛኛውን ጊዜ አያበድርሽም።

መምህርቷ፦
በእናቴ ስም ነው ጋሼ። እንግዲህ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ልሂድ።