ለፈረስ ግልቢያ መጽሔት ሽፋን የትኛው ፎቶ ይሻላል?

ጤና ይስጥልን። ጅማ ላይ ለምናዘጋጀው የፈረስና የገጠር መንገድ ግልቢያ መጽሔት ሽፋን ሁለት ፎቶ ቀርተውናል፤ መወሰን ግን አቃተን።

አንደኛው ጅሬን ላይ የተነሳ ነው፣ ከኋላ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይታያል። ዳማው ፈረስ ጆሮውን ቀስሯል፣ ዓይኑ ጥርት ብሏል፣ ጋላቢውም ተረከዙን ዝቅ አድርጎ እርካቡን በትክክል ረግጧል። ችግሩ ፎቶው አግድም መሆኑ ነው፦ 6000 በ4000 ፒክስል። ለኤ4 ሽፋን፣ በየጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ለመቁረጫ ትርፍ ጨምረን፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 2551 በ3579 ፒክስል ያስፈልገናል። ቁመቱን ሳንነካ ጎኑን ብንቆርጥ 2850 በ4000 ገደማ ይተርፋል፤ ጥራቱ ይበቃል። ግን ወይ የፈረሱ ጭራ ወይ ቤተ መንግሥቱ ተቆርጦ ይቀራል፣ ጆሮውም የመጽሔቱ ስም ከሚያርፍበት ቦታ ይገባል።

ሁለተኛው በቡና ጥላ ዛፎች መካከል የተነሳ፣ ቋሚ፣ ከላይ ባዶ ቦታ ያለው ነው። ሆኖም በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከቅርብ ስለተነሳ የፈረሱ ጭንቅላት ገዝፎ የኋላ እግሩ አጥሯል (ፈረስ የሚያውቅ አንባቢ ይስቅብናል)። አረንጓዴውም ወደ ሲኤምዋይኬ (ወደ ማተሚያ ቤት ባለ አራት ቀለም ሥርዓት) ሲቀየር ይደበዝዛል።

እኛ ወደ አንደኛው እናደላለን። ጆሮው የስሙን ፊደል በከፊል ቢሸፍን ለመጀመሪያ እትም ይጎዳል? ወይስ ሰማዩን ወደ ላይ ማስረዘም ይሻላል? ጋማውን ከፎቶው ዳራ ለይተን ስንቆርጥ ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር እየቀረ ተቸግረናል፤ መፍትሔው ምንድን ነው? እንደገና ይነሳ ካላችሁ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ አለን፤ ከስንት ሜትር ርቀት እናንሳው?