ሜዲሲናል ኬሚስትሪ ማስተርስ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ? ደሴ ያላችሁ እርዱኝ

ጠያቂዋ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ፋርማሲ ተመርቄ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ መድኃኒት ቤት መስራት ከጀመርኩ ሶስት አመቴ ነው። አሞክሳሲሊን በሰጠሁ ቁጥር ይሄን ሞለኪውል እንዴት አድርገው ሰሩት የሚለው ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝና ሜዲሲናል ኬሚስትሪ ማስተርስ አሰብኩ። ችግሩ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ሸምድጄ ነው ያለፍኩት፣ ላብም የለኝ። ጓደኞቼ ፋርማኮሎጂ ይሻልሻል ይሉኛል። ከየት ልጀምር? ስራስ አለው?

የጦሳ ልጅ፦
አብሽሪ እህቴ። ፋርማኮሎጂ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚያደርገውን ነው የሚያጠናው፣ ሜዲሲናል ኬሚስትሪ ሞለኪውሉን ራሱን ነው የሚነካካው። ያልሽው አሞክሳሲሊን እኮ አምፒሲሊን ላይ አንዲት ሃይድሮክሲል (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ) ተጨምራ ነው፣ በሷ ምክንያት በአፍ ሲወሰድ ከአንጀት በደንብ ይገባል። ይሄ ካጓጓሽ ፋርማኮሎጂ ገብተሽ እንዳትቆጪ።

ኬሚስት ከኮምቦልቻ፦
ልክ ነው፣ ግን ኦርጋኒክን ሳታስተካክዪ እንዳትገቢ በጣም ነው የምለምንሽ፣ እኔ ሽምደዳዬን ይዤ ማስተርስ ገብቼ የመጀመሪያው ሴሚስተር አስለቅሶኛል። ማታ ማታ ሁለት ሶስት ሜካኒዝም (ሪአክሽኑ ደረጃ በደረጃ የሚሄድበትን መንገድ) በእጅሽ ሳዪ፣ ኤሌክትሮኑ ከየት ተነስቶ የት እንደሚሄድ ቀስቱን እያሳየሽ፣ መልሱን ሳታዪ። ከዛ ስቴሪዮኬሚስትሪ፣ ማለትም የአተሞቹ አቀማመጥ በ3ዲ፦ የጨጓራ መድኃኒቱ ኦሜፕራዞል የሁለት መስታወት አምሳያ ሞለኪውሎች ድብልቅ ነው፣ ኤሶሜፕራዞል ደግሞ አንዱ ብቻ ተለይቶ የወጣ። ሁለቱም መደርደሪያሽ ላይ አሉ አይደል፣ በነሱ ተማሪ። ኤንኤምአር (የሞለኪውልን ስትራክቸር በማግኔት የሚለይ መሳሪያ) ውጤት ማንበብ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ፋርማሲስት ነኝ፦
ላብ ለሌለሽ ፐብኬም የሚባለው የኬሚካሎች ድረገፅ ላይ የመድኃኒቶቹን ስትራክቸር በነፃ ታያለሽ፣ ዶኪንግ፣ ማለትም ሞለኪውሉ ፕሮቲን ላይ እንዴት እንደሚገጥም በኮምፒውተር መገመት፣ የሚሰራው ኦቶዶክ ቪና የሚባል ሶፍትዌርም ነፃ ነው፣ ለመለማመጃ ተራ ላፕቶፕ ይበቃዋል። ብቻ ዶኪንግ ላይ ጥሩ ቁጥር ወጣ ማለት መድኃኒት ተገኘ ማለት አይደለም፣ ሞለኪውሉ ተሰርቶ መፈተሽ አለበት። ማስተርሱን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ትምህርት ቤት ይሰጣል፣ የድህረ ምረቃ መግቢያ የሆነውን የኤንጋት ፈተና ግን ቀድመሽ ተዘጋጂበት። ስራን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ፣ በብዛት ማስተማርና ምርምር ነው። መድኃኒት ፋብሪካ ኳሊቲ ኮንትሮል ከሆነ ሀሳብሽ የመድኃኒት ይዘትና ጥራት መመርመርን የሚያስተምረው ፋርማሱቲካል አናሊሲስ ይቀርብሻል።

ጠያቂዋ፦
አላህ ይስጣችሁ፣ ማስተማር ደግሞ እወዳለሁ። የኦርጋኒክ መፅሀፌን ከሳጥን አውጥቻለሁ፣ ዛሬ ማታ ከአሞክሳሲሊንና አምፒሲሊን እጀምራለሁ። ደሴ ውስጥ ኤንጋት አብሮኝ የሚያጠና ካለ ቅዳሜ ከሰአት ይመቸኛል፣ እዚሁ ፃፉልኝ።