ለጋራ ዘይት ግዢው የምናቀርበው ሐሳብ፦ የፓልሙን ማረጋገጫ እንመነው?

የማህበሩ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሐይቅ ዳር ምግብ ቤቶችና አሣ ጠባሾች በጋራ ዘይት እንግዛ ያልነው ረቂቅ ደርሷል። አንድ መስመር ብቻ አከራክሮናል፦ «የምንገዛው ፓልም የአርኤስፒኦ ማረጋገጫ ያለው ብቻ ይሁን» የሚለው። አርኤስፒኦ ፓልም ዘይት ደንና ሰውን ሳይጎዳ እንዲመረት መመዘኛ የሚያወጣ ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው።

ምግብ ቤት ያላቸው አባል፦
ይግባ። ድርጅቱ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. መመዘኛውን አጥብቆ ደን መንጥሮ መትከልን ከልክሏል። ለፓልም ሲባል ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ስንት ደን ጠፋ! ዝም ብሎ ከመግዛት በብዙ ይሻላል።

ገንዘብ ያዥ፦
ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ ግን ወረቀቱን እንዳለ ማመን ይከብደኛል። እርሻውን የሚመረምረውን ኦዲተር የሚቀጥረውም የሚከፍለውም እርሻው ራሱ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ኢአይኤ የተባለ የአካባቢ ተቆርቋሪ ድርጅት አንዳንድ ኦዲተሮች ጥሰቶችን እንዳላዩ ማለፋቸውን፣ አልፎም ሲሸፍኑ መገኘታቸውን አጋልጧል። እዚህ ጣና ዳር ያለው የዘጌ ደን እስካሁን የቆመው ጠባቂዎቹ እዚያው ስለሚኖሩ ነው። ፓልሙ በሚተከልበት አገር ግን ጫካው ውስጥ የሚኖረው ሰው ቅሬታ ሰሚ ለማግኘት ዓመታት ይፈጅበታል።

ሌላም አለ። ማረጋገጫው አንድ ዓይነት አይደለም። ከእርሻው እስከ ጀሪካኑ ለብቻው ተለይቶ የሚመጣ አለ። «ማስ ባላንስ» የሚባለው ደግሞ ማረጋገጫ ከሌለው ዘይት ጋር ይቀላቀላል፤ መጠኑ ብቻ በሒሳብ ይያዛል። አርማው ላይ «ሚክስድ» የሚል ካያችሁ እሱ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ከጠራናቸው ደንበኛን አሳሳትን ማለት ነው።

አሣ ጠባሽ አባል፦
እኔን ደንበኛ የሚጠይቀኝ ስለ ደን አይደለም፣ «ይሄ የሚረጋው ነው?» ነው። ማረጋገጫው ስለ ጤና ምንም አይልም። ፓልም ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው፤ ወረቀት ስላለው አይቀየርም። እባካችሁ «ጤናማ» የሚል ቃል እንዳይገባ። ኑግም በአማራጭነት ይጻፍ፤ ውድ ቢሆንም የገበሬያችን ነው።

ጸሐፊ፦
እሺ እህቴ፣ ገብቷል። መስመሩን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «አቅራቢው የማረጋገጫውን ዓይነትና የፈቃድ ቁጥር በጽሑፍ ያቅርብ፤ ቁጥሩም በአርኤስፒኦ መዝገብ ይጣራ። ተለይቶ የመጣ ይቅደም። ቅልቅል ከሆነ ቅልቅል መሆኑ ይጻፍ። ከፓልሙ ጎን የኑግ ዋጋም ይጠየቅ።»

ጋሼ፣ ይስማማዎታል?

ምግብ ቤት ያላቸው አባል፦
ይስማማኛል። አቅራቢዎቹን እኔ አናግራለሁ፤ ቁጥር የማይሰጥ ካለ ከዝርዝሩ ይውጣ።