ሩሲያ ገበያ ቀየረች ወይስ ገበያ አጣች?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። እስከ 2022 ድረስ የሩሲያ ነዳጅና ጋዝ ዋና ደንበኛ አውሮፓ ነበር (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንያዘው)። ከዩክሬን ጦርነት በኋላ ድፍድፍ ነዳጁ ወደ ህንድና ቻይና ዞረ። የምዕራባውያኑ ማዕቀብ ከሸፈ ማለት ነው?

የአዳማው፦ ከሽፏል እንጂ! ከጦርነቱ በፊት ህንድ ከውጭ ከምታስገባው ድፍድፍ የሩሲያ ድርሻ 3 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። በ2024 ከሲሶ በላይ ሆነ። ደንበኛ ቀየሩ፣ ገንዘቡ ግን ያው ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ "ያው ነው" ያልከው ላይ ቆይ ወንድሜ። በቅናሽ እኮ ነው የሸጡት። የቡድን 7 አገሮች በዲሴምበር 2022 ለሩሲያ ድፍድፍ በበርሜል 60 ዶላር የዋጋ ጣሪያ አበጁ፤ ህንዶቹም ይቺን ይዘው ተከራከሩ። የከፈሉት ሩፒ ደግሞ እዚያው ባንካቸው ተከማቸ። የሩሲያው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላቭሮቭ ራሳቸው በ2023 ህንድ፣ ጎዋ ላይ በቢሊዮን የሚቆጠር ሩፒ አለን፣ ግን ልንጠቀምበት አልቻልንም ብለዋል። ዕዳውን ከፍሎህ "ግን የምታጠፋው እኔው ሱቅ ነው" እንደሚል ባለሱቅ በለው።

ፉጃይራ ያለሁት፦ ድፍድፍን ማስቆም ከባድ ነው ጎበዝ። እዚህ ኤምሬትስ የባሕሩ ዳርቻ ላይ ማታ ስወጣ መልህቅ ጥለው የተኮለኮሉ ታንከሮች መብራታቸው ከተማ ይመስላል። የትኛው የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? መርከብ ስሙንም ባንዲራውንም ይቀይራል።

ፍራንክፈርት፦ ጋዙስ? እሱን ማንም አላነሳም። ቧንቧ ባንዲራ አይቀይርም! ሰሜን ሳይቤሪያ ያለው የያማል ጋዝ የተዘረጋለት ቧንቧ ወደ ምዕራብ ነው። አውሮፓ በ2021 ከሩሲያ ወደ 150 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ወስዳለች። ወደ ቻይና የሚሄደው "የሳይቤሪያ ኃይል" ሙሉ አቅሙ 38 ቢሊዮን ነው፤ እሱም የሚቀዳው ከሌላ መስክ፣ ከምሥራቅ ሳይቤሪያ ነው። የሩሲያው የመንግሥት ጋዝ ኩባንያ ጋዝፕሮም በ2023 629 ቢሊዮን ሩብል ከሰረ። ይሄ ነው ገበያ መቀየር?

የአዳማው፦ እናንተስ ምን አተረፋችሁ? ርካሹን ትታችሁ የአሜሪካን ፈሳሽ ጋዝ በውድ ትገዛላችሁ።

ፍራንክፈርት፦ አልክድም። በ2022 ክረምት አከራዬ የማሞቂያውን ቅድሚያ ክፍያ ሲጨምርብን ሳሎን ውስጥ ጋቢ ለብሰን ነው ያሳለፍነው። ባለቤቴ ልጆቹ እንዳይነኩት ማሞቂያው መዘውር ላይ ፕላስተር ለጥፋ ነበር። ግን ጀርመኖች ዓመት ሳይሞላ ቪልሄልምስሃፈን ላይ የፈሳሽ ጋዝ ማራገፊያ ከፈቱ። ዛሬ ጋዙ ከኖርዌይና ከአሜሪካ ይገዛል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እኔም ልል የፈለግኩት ይሄንኑ ነው። ገዢ ሲያንስ ዋጋ የሚቆርጠው ገዢው ነው። ቻይና በሁለተኛው የሳይቤሪያ ቧንቧ ስንት ዓመት አንገላታቻቸው! በሴፕቴምበር 2025 ተፈራረምን አሉ። ዋጋውስ? ገና እንነጋገራለን።

የአዳማው፦ እሺ እህቴ፣ በጋዙ ተረታሁ። በድፍድፉ ግን ንቅንቅ አልልም። ቅናሹ እኔ ማደያ አልደረሰም፤ የኛ ከባሕረ ሰላጤው በጅቡቲ ነው የሚመጣው፣ ያውም በዓለም ዋጋ። አንተ ፍራንክፈርት፣ እስቲ መልስልኝ፦ ህንድ ጃምናጋር ላይ ተጣርቶ አውሮፓ ሲገባ የከረመው ናፍጣ ድፍድፉ ከየት ነበር?

ፍራንክፈርት፦ እሷን እለፋት። መኪናዬ ናፍጣ ነው።