«አርፎ ይቀመጣል» ማለት ምን ማለት ነው?

ሙግተኛ፦ ትናንት አንዷ እዚህ «አስቸጋሪውን እስረኛ ለብቻው ዝጋበት፣ አርፎ ይቀመጣል» ብላ ጽፋ ሄደች። ስበሳጭ አደርኩ። የኒው ዮርክ ሕግ፣ በፈረንጆቹ 2021 የወጣው፣ ለብቻ መዝጋትን መች ከለከለ? በተከታታይ ከ15 ቀን አይለፍ ነው ያለው። ይሄም በዛ?

የጠባቂ እህት፦ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ አልመልሰውም። ወንድሜ እስር ቤት ጠባቂ ነው። እስረኛ ሽንት ደፍቶበት፣ ዩኒፎርሙን በፌስታል ቋጥሮ ሲገባ አይቻለሁ። በሩ ላይ ቆሞ «ልጆቹ እንዳይጠጉኝ» ነው ያለኝ። በ2025 የኒው ዮርክ እስር ቤት ጠባቂዎች ሥራ አቁመው ሕጉ ይታገድልን ያሉት ፈርተው ነው።

ሙግተኛ፦ ለወንድምሽ ከልቤ አዝናለሁ። ግን «አርፎ» የሚለው ቃል አላስተኛኝም። ካሊፍ ብራውደር በ16 ዓመቱ ቦርሳ ሰርቀሃል ተብሎ ራይከርስ፣ የኒው ዮርክ ከተማ እስር ቤት፣ ገባ። ሳይፈረድበት ሦስት ዓመት ያህል ታሰረ፤ ሁለቱን ዓመት ገደማ ለብቻው። ክሱ ተቋርጦ ወጣ። በ2015፣ በ22 ዓመቱ፣ ራሱን አጠፋ። እሱ ነው ያረፈው?

የጠባቂ እህት፦ እሱ ልጅ ነበር! እኔ የማወራው ሰው ስለሚወጋው ነው።

ሕግ አንባቢ፦ እህቴ፣ የሚወጋውንም ሕጉ ዝም ብሎ አይለቀውም። ከ15 ቀን በኋላ ወደ ማገገሚያ ክፍል ነው የሚዛወረው። እዚያ በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት ከክፍሉ ወጥቶ ትምህርትና ምክር ያገኛል። የ15 ቀኑ ገደብም የተባበሩት መንግሥታት በ2015 ባጸደቀው የእስረኞች አያያዝ ደንብ፣ የማንዴላ ደንብ በሚባለው፣ ውስጥ አለ።

የጠባቂ እህት፦ 7 ሰዓት የሚያወጣው ማነው? ከአድማው በኋላ ከ2,000 በላይ ጠባቂ ተባሯል። ወንድሜ ፈረቃው አልቆ የሚተካው አጥቶ ያድራል።

ሙግተኛ፦ እሱማ የሰው እጥረት ነው! የሕጉ ጥፋት ምኑ ላይ ነው?

ሌላ ሰው፦ ካሊፎርኒያም ተመሳሳይ ሕግ አርቅቃ ነበር። ገዥው ኒውሰም በ2022 ለሠራተኛውም ለእስረኛውም ደህንነት ያሰጋል ብሎ አልፈርምም አለ። እሱም ጨካኝ ነው?

ሕግ አንባቢ፦ ማንም ጨካኝ አላለም። ሰው ያላለውን አታስብለው።

ሌላ ሰው፦ ሙግተኛ ከላይ ያለውን ድጋሚ አንብበው፣ ያው ነው።

ሙግተኛ፦ እኔ አንድ ቃል ብቻ ነው የጠየቅኩት። እህቴ፣ «አርፎ» ያልሽውን መልሺው፣ ከዚያ ስለ ወንድምሽ እናውራ።

የጠባቂ እህት፦ መጀመሪያ ስለ ፌስታሉ አንድ ነገር በሉ። እስካሁን አንዳችሁም አላላችሁም።